እህቴ ያላጠፋችው ድምፅ

ታላቅ እህቴ ካዛንቺስ ልብስ ስፌት ቤት ነበራት። ጎረቤቷ ፎቅ ሊሠራ መሠረት ሲያስቆፍር የጋራ ግድግዳቸው ተሰነጠቀ፤ አንድ ማለዳ ደግሞ ተደርምሶ ሁለት የስፌት መኪናዎቿን ሰባበረ። ደግነቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ሰውዬው «ራሷ ፈቅዳ ነው» ብሎ እጁን ሲያጥብ ከሰሰችው።

ጠበቃዋ ወጣት ሴት ነበረች። «ስልክዎ ላይ ያለውን አንድም ነገር እንዳይነኩ» አለቻት። «ክርክር ውስጥ ገብተዋል፤ የሚጠቅምዎትም የሚጎዳዎትም እንዳለ መቀመጥ አለበት።»

የሚጎዳትም ነበር። ቁፋሮው ሊጀመር ሲል «ቆፍሩ፣ እኔ ችግር የለብኝም» ብላ ለሰውዬው በቴሌግራም ድምፅ ልካለታለች። ስሰማው ደነገጥኩ።

«እትዬ፣ አጥፊው በቃ። እሱ እንደሆነ ስልኬ ጠፋ እያለ ነው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለኋ» አለች። «የሱን ውሸት ላጋልጥ ሄጄ የራሴን ልደብቅ?»

እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው። ሰነድ መጠበቅ እንጀራዬ ነው።

መልእክት በራሱ ጊዜ እንዳይጠፋ ቴሌግራሟን አስተካከልኩላት። ስልኩ ሞልቶ የልጇ የምርቃት ፎቶ አልገባ ሲላት እንኳ አንድ ነገር አልቀነሰችም። ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልክ ገዝታ ያኛውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት።

በቀጠሮው ቀን ድምፁ ችሎት ላይ ተከፈተ። ዳኛው «የእርስዎ ነው?» ሲሏት «የእኔ ነው፣ ቆፍሩ ብያለሁ» አለች። ኋላ ተቀምጬ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ የቀሩት በየቀናቸው ተራ በተራ ተሰሙ፤ ስንጥቁን የቀረጸችበት ቪዲዮ፣ «እባካችሁ አቁሙ» ያለችበት፣ ሰውዬው «አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም» ብሎ የመለሰላት። ከመሃል የጎደለ አልነበረም። ዳኛው ወደ ሰውዬው ዞረው የእሱ ስልክ መቼ እንደጠፋ ጠየቁት፤ ቀኑን ማስታወስ አቃተው።

ሰውዬው ግድግዳውን እንዲሠራና መኪናዎቿን እንዲተካ ተፈረደበት። ያለ ውል በመፍቀዷ ግን ከጉዳቱ ጥቂቱ በራሷ ላይ ቀረ። «ተገቢ ነው» አለች።

ወደ ሜክሲኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ «አጥፊው» በማለቴ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ጠበቃዋ ከማስጠንቀቋ በፊት አንድ ቀን ጣቴ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር» አለችኝ። «ሳልጫነው ስልኩን አስቀመጥኩት።»