ሦስት ጊዜ የታረሰችው የድንች መደብ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴንም ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው ነገሩ እስከ ዛሬ ስለሚያበሽቀኝ ነው።

በደርግ ጊዜ ወንድሜ ወደ ሰሜን ሲዘምት ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ቤታችን የቀረነው ሁለት ሴቶች፣ እናቴና እኔ ነበርን። የዘማች ቤተሰብ መሬት በገበሬ ማኅበር ይታረሳል የሚል መመሪያ ወጣ። ይህን ያወጣው ሰው እንሰት አይቶ አያውቅም መሰለኝ። የኛ ጓሮ እንሰት ነው፤ እንሰት ደግሞ አይታረስም፣ ይፋቃል። መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ በኛ አገር እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ወንድ ድርሽ አይልም።

ያን ሰሞን እናቴ ክንዷ ተሰብሮ ነበር። እንሰቶቻችን ደርሰው ሊያብቡ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ ካበቡ የዓመት ቆጮአችን ቀረ ማለት ነው። ለብቻዬ የምችለው ሥራ አይደለም። የጎረቤት ሴቶች ሊያግዙኝ ሲሉ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የዘማች ቤት ሥራ የሚሠራው የተመዘገበ ቡድን ብቻ ነው ብሎ ከለከላቸው። መመዝገቢያው ላይ ያለው ደግሞ ማረስ ብቻ ነው።

ሐሙስ ሐሙስ አምስት ወንዶች በሬ ነድተው ይመጣሉ። በራፉ ላይ ያለችውን የድንች መደብ ያርሳሉ፣ ንፍሮዬን ይበላሉ፣ እኔም ሊቀመንበሩ ይዞት በሚመጣው መዝገብ ላይ «ታርሷል» በሚለው ስር እፈርማለሁ። በሦስተኛው ሐሙስ ያችኑ መደብ ለሦስተኛ ጊዜ ገለበጧት። አንዱ፣ ድንቹ ራሱ ሰልችቶት ይወጣል ብሎ አሳቃቸው። እኔን አላሳቀኝም።

ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላወራዋ ልጅ፣ አልፈርምም አልኩ። እንሰቱ ሳይፋቅ ምኑን ሠራችሁ ብዬ ጠየቅሁ።

ሊቀመንበሩ አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ካልፈረምሽ እነዚህ ሰዎች ሥራ እምቢ አሉ ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ያኔ እነሱም ወንድምሽ ወዳለበት ይሄዳሉ» አለኝ።

አምስቱም መሬት መሬት ያያሉ። አንዳቸውም ልጅ አልባ አይደለም። ንዴቴን ውጬ ፈረምኩ።

ሊቀመንበሩ ቀድሞ ሲሄድ በድንቹ የቀለደው ሰውዬ በሬውን እየፈታ ወደ ኋላ ቀረ። ወደ እኔ ሳይመለከት እንዲህ አለኝ፦

«እህቴ፣ ነገ ሚስቴን ከነመፋቂያዋ እልክልሻለሁ፤ የሌሎቹንም ሚስቶች ይዛ ትመጣለች። ብቻ እንዳታስመዘግቢያቸው።»