ከእርቁ በኋላ የመጣው ራስ ምታት

ወንድሜ ሙሉቀን ላይ መጀመሪያ ያየነው ምልክት ራስ ምታት ነው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከቀኝ ጆሮው በላይ እንደሚወጋው ነገረኝ። እማዬ ራሱን በሻሽ አሰረችለት። «ፀሐይ መትቶህ ነው» አለችው። እሱም «ፀሐይ ነው» አለ። እኔ ቀን ከሳይክል መውደቁን አውቃለሁ። እማዬ ግን የሰማችው መታረቁን ነበር።

ይህን የምጽፈው ራሱን የተመታ ሰው ቤታቸው ላለ ሰዎች ነው። ሳይክል ለሚነዱም ነው። መጻፍ አይቀናኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ከስልክ መልእክት በቀር የጻፍኩት የለም። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ላስቀምጠው።

ሙሉቀን ፒያሳ አካባቢ ሞባይል ይጠግን ነበር። ሥራ የሚሄደውም የሚመለሰውም በሳይክል ነው። ጎበዝ ነጂ ነበር። መንገድ ላይ ግን ትዕግሥት አልነበረውም። ባጃጅ ከፊቱ ሲቆም ጣራውን በመዳፉ ይመታል። እግረኛ ሲዘገይበት ይሳደባል። «መንገዱ እኮ የጋራ ነው» ስለው «ለእነሱ ንገራቸዋ!» ይለኝ ነበር። ሳይክሉ ደወል አልነበረውም። ጓደኞቹ «ሙሌ ራሱ ደወል ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። እኔም እስቅ ነበር።

ያን ቅዳሜ ወደ ገበያው በሚወርደው ቁልቁለት እሱ ከፊት እኔ ከኋላ እንነዳለን። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰውና በአህያ ተሞልቷል። ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ መሐል አስፋልት ላይ ደረሱ። አያ ንጉሤ መባላቸውን ያወቅነው በኋላ ነው። ሙሉቀን ፍሬን ለመያዝ ጊዜ ነበረው። እኔ ከኋላው ሆኜ ፍሬን ያዝኩ፤ ቆምኩም። እሱ ጮኸ።

«አንተ ሽማግሌ! ዞር በል!»

ሽማግሌው በጩኸቱ ደነገጡ። ወደ መጡበት ተመለሱ። ሙሉቀንም ሊያልፍ ያሰበው በዚያው በኩል ነበር። ተጋጩ። ሁለቱም ወደቁ። የአያ ንጉሤ ጭንቅላት አስፋልቱን ነካ። የሙሉቀን ራስ ደግሞ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መታ። ድምፁን ሰምቻለሁ። ሄልሜት አላደረገም።

ቀድሞ የተነሣው እሱ ነው። «ዕውር ነህ?» አለ።

አያ ንጉሤ ከተቀመጡበት ጋቢያቸውን እያራገፉ ቀና ብለው አዩት። «ምነው ልጄ፣ እኔስ ዕውር ልሁን። አንተ ዓይናማው ምን አየህ?»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ሙሉቀንን የባሰ አቃጠለው። እጁን አነሣ። መንገዱ ዳር ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ሰይድ ሮጠው እጁን ያዙት። «ባባትህ እኩያ ላይ?» አሉት። እጁ ወረደ።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ፖሊስ ሳይደርስ እዚያው ያልቃል። ሸጋ ልማድ ነው፤ ብዙ ደም አስቀርቷል። ሐጂ ሰይድና ሌሎች ሽማግሌዎች ሁለቱን በየተራ ጠየቁ። ሙሉቀን አልተጎዳሁም አለ። አያ ንጉሤም «ምን እሆናለሁ፣ የኔ ራስ ድንጋይ ነው» አሉ። ጥፋቱ የወንድሜ ሆነ። ታናሽ ሆኖ ተሳድቧልና ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈረዱበት።

ሙሉቀን ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገ። ጎንበስ አለ። ጎንበስ ሲል ሲንገዳገድ አየሁት። ሰው ያፈረ መሰለው። እኔም ያፈረ መሰለኝ። አያ ንጉሤ ድንጋዩን ከማጅራቱ አውርደው ጣሉና ሳሙት። ከዚያ ሁለቱም ማሉ። በዚህ ነገር ላይፈላለጉ፤ ክስ ላይሉ፣ ካሳ ላይሉ፣ የሐኪም ወረቀት ላያወጡ። «እሰይ!» ተባለ። ሰው ተበተነ።

እሑድ ጠዋት አስመለሰው። «ሐኪም ቤት እንሂድ» አልኩት።

«ሄጄ ምን ልበል? ወደቅሁ ስል ከማን ጋር ተጋጨህ ይሉኛል። ሰውየው ቢሰማ ሊከሰኝ ነው ይላል። ማልኩ እኮ፣ አንተም ነበርክ።»

እማዬም ከእሱ ጎን ቆመች። «እርቅ ያፈረሰ ከቤቱ በረከት ይወጣል» አለች። ከዚያ በላይ አልገፋሁበትም።

ሰኞ ሥራ ሄደ። ከኋላው ስነዳ ሳይክሉ ወደ ግራ ሲያዘነብልበት አየሁ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች መሐል ገባ፤ የአንዲቷን ቦርሳ ጣለባት። ልጅቷ ራሷ ይቅርታ አለችው። እስክታለቅስ ሰደባት። እንዲህ ሰድቦ አያውቅም ነበር፤ ቢሆንም ያው የሙሉቀን ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። ሐኪሙ በኋላ እንደነገረን፣ አንጎል በደም ሲጨነቅ ሰው ይነጫነጫል፤ ጠባዩ ይለወጣል። እኛ ቤት ያ ምልክት መጥቶ ነበር። ነገር ግን ወንድሜ ድሮም መንገድ ላይ ይቆጣ ስለነበር በሽታው ጠባዩን ለብሶ በመሐላችን አለፈ። ታጋሽ ነጂ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ «ምን ነካው?» እንል ነበር።

ማክሰኞ ተኛ። እማዬ ደስ አላት። «እንቅልፍ መድኃኒት ነው፣ አትቀስቅሰው» አለችኝ። ቀትር ሆነ። ማንኮራፋቱ አላማረኝም። ጠራሁት። አልነቃም። ወዘወዝኩት። ዓይኑን ገለጥኩ። የቀኙ ብሌን ሰፍቷል። የግራው ጠባብ ነው። ባጃጅ ጠራሁ። ተሸከምነው።

ሆስፒታል ሐኪሙ ዓይኑን በባትሪ አየ። «ራሱን ተመትቷል?» አለ።

«አልተመታም» አለች እማዬ።

«ወድቋል?»

እማዬ መሬት መሬት አየች። ሐኪሙ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም» አላት።

ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት። ሲቲ ስካን ተነሣ። «አኪዩት ሰብዱራል ሄማቶማ ነው» አለን ሐኪሙ። «ከራስ ቅሉ ሥር ደም ተጠራቅሞ አንጎሉን ገፍቶታል። አሁኑኑ ኦፕራሲዮን ይገባል።»

ገባ። ወጣ። አይ ሲ ዩ አስተኙት። በቬንቲሌተር ይተነፍስ ነበር። እጁን ያዝኩት። ይሞቃል። ሐኪሙ የሚቻለው ሁሉ መደረጉን ነገረን። «ደሙ ብዙ ቆይቷል» አለ። ሌላ አልጠየቅነውም።

ሐሙስ ሞተ።

አርባው ሲቃረብ አያ ንጉሤ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ልጃቸው ውዴ ደግፋቸዋለች። አጎቴ ከመቀመጫው ተነሣ። ምን ሊያደርግ እንደተነሣ እስካሁን አልጠየቅሁትም። እማዬ «ተቀመጥ» አለችው። ተቀመጠ።

አያ ንጉሤ ደፉ ላይ ቆሙ። ግራ እግራቸው ተከትሏቸው አልገባም፤ ውዴ አነሣችላቸው። ሲቀመጡ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «የልጅሽ ደም ነው የያዘኝ» አሉ ለእማዬ። «ራሴን ይፈልጠኛል። ይገባኛልም።»

ውዴ አለቀሰች። «በስሜ አይጠሩኝም። በሞተችው እናቴ ስም ነው የሚጠሩኝ። እህል ያወጣሉ፣ የት እንዳስቀመጡት ይረሳሉ።»

«ሐኪም አያቸው?» አልኳት።

«ምን ብለን? ማለዋል እኮ። ልጁ ሞቶ፣ እሳቸው የሐኪም ወረቀት ሊያወጡ ሄዱ ይሉናል።»

የሚጎተተውን እግር አየሁ። ግራ ነው። የሙሉቀንም ሳይክል ያዘነበለው ወደ ግራ ነበር። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ሰውየው ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ሲሞቱም ዕድሜ ነው ይባላል። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ለእማዬ በጆሮዋ ነገርኳት።

እማዬ በሐዘን ልብሷ ተነሣች። «ያለህ ሁሉ ስማ» አለች። «እርቁን እኔ አፍርሼዋለሁ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን። አያ ንጉሤ፣ ይነሡ፤ ሐኪም ቤት ነው የምንሄድ።»

«እኔን ተዪኝ፣ ልጅሽን አልቅሺ።»

«እሱን አልቅሼዋለሁ። እርስዎን ደግሞ አላለቅስም። ይነሡ!»

ያው ሐኪም ነበር። እኛን ሲያይ አወቀን። ስካኑን ካየ በኋላ «ክሮኒክ ሰብዱራል ሄማቶማ» አለ። «በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደሙ ቀስ እያለ ነው የሚጠራቀመው፤ ሳምንታት ይፈጃል። እሳቸው በጊዜ ደርሰዋል።»

የራስ ቅላቸውን በትንሽ በትንሹ በስተው እንደ ሞተር ዘይት የጠቆረ ደም አወጡላቸው፤ ከነቁ በኋላ መጀመሪያ ያሉት ቃል «ውዴ» ነበር፣ ልጅቷም ስሟን ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አነባች። እሷ ከብቶቿን ጎረቤት ላይ ጥላ ስለመጣች መመላለስ ነበረባት፣ ስለዚህ ማስታመሙ በአብዛኛው እኔ ላይ ወደቀ፤ ሾርባ እያጠጣሁ፣ ፊዚዮቴራፒ ሲሠሩ ክንዳቸውን ይዤ በኮሪደሩ ወዲያና ወዲህ እያልኩ፣ ግራ እግራቸው ቀስ በቀስ ከወለሉ ሲነሣ አየሁ። የተላጨ ራሳቸውን ዳብሰው «የታጨደ የገብስ ማሳ መሰልኩ?» ሲሉኝ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ አሳፈረኝ።

አንድ ቀን ለምን ወደ ኋላ እንደተመለሱ ጠየቅኋቸው። ስጠይቃቸው ቂም እንዳልነበረኝ መማል አልችልም።

«እናንተ ድምፅ የላችሁም» አሉኝ። «ጆሮዬ ማኪና ያውቃል፣ ፈረስ ያውቃል። የእናንተን ግን አጠገቤ እስክትደርሱ አልሰማም። ከኋላዬ ሲጮኽብኝ ደግሞ የምሸሽበትን መች መረጥኩ? እግሬ ነው ይዞኝ የሮጠ።»

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ሳላስብ ሳይክል ላይ አልወጣም። ሰው ሲጮኽበት የት እንደሚሸሽ እሱም አያውቅም፤ አንተም አታውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬን ያዝ። ድምፅ ማሰማት ካለብህ ከሩቁ፣ በቀስታ አሰማ። የገበያ ቀን ቁልቁለት ላይ ከሳይክልህ ውረድና እየገፋህ ሂድ። ከቤት ተናድደህ ከወጣህ በእግርህ ሂድ። ሄልሜት አድርግ። ወንድሜ ፀጉር ያበላሻል ይል ነበር።

ራሱን የተመታ ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ «ደህና ነኝ» ማለቱን አትቀበሉት። በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ራስ ምታት ከበረታ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ ካበዛ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ንግግሩ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ አትጠብቁ። ሽማግሌ ከሆነ ሳምንታት ካለፉም በኋላ ነቅታችሁ እዩት። እንቅልፍ ሁልጊዜ መድኃኒት አይደለም።

ሁለቱንም የያዘውን ሐኪም አመሰግናለሁ። ወንድሜን ሲያጥቡ በስሙ እየጠሩ ያነጋግሩት የነበሩትን ነርሶች አመሰግናለሁ። ሐጂ ሰይድንም አመሰግናለሁ። ለቅሶ ሲመጡ ቀና ብለው ሊያዩን አልቻሉም ነበር። አሁን በዚያ መንገድ ሰው ሲጋጭ መጀመሪያ ባጃጅ ያስቆማሉ። «እርቁ ከሐኪም መልስ ነው» ይላሉ። ድንጋይም አያሸክሙም።

እኔ በሳይክል ሥራ እመላለሳለሁ። ሰሞኑን አንድ ባጃጅ ነጂ አጠገቤ ዝግ ብሎ «አንተ ልጅ፣ ሳይክሉን እየነዳኸው ነው ወይስ እያስታመምከው?» ብሎ ሳቀብኝ። እጄን አንሥቼ አሳለፍኩት። ሌላም ነገር ተናግሯል፤ አልተከተልኩትም።

ስዘገይ እማዬን በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ። የት ቆየህ አትለኝም። ራሴን በሁለት እጇ ይዛ ከጆሮዬ በላይ ግራና ቀኝ ትዳብሳለች። ከዚያ መንገድ ትለቅልኛለች።