ጀርባው የተከፈተው ካሜራ

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን አዲስ በተቋቋመ ቢሮ ፎቶ አንሺ ሆኜ ተቀጠርኩ። በመጀመሪያው ቀን የንብረት ክፍሉ ሰውዬ በሞዴል 22 አስፈርሞ አንድ ካርቶን አስረከበኝ። አራት አሮጌ ካሜራዎች ነበሩበት፤ የሦስቱን ሌንስ ሻጋታ በልቶታል።

"ይሠራሉ?" አሉኝ ኃላፊዬ።

"አንዱ ይሠራል፣ የቀሩትን እኔ አሠራቸዋለሁ።"

ጉራ ነበር። ግን ሠሩ።

የካሜራ ፍቅር የያዘኝ ያኔ ነው። ከሥራ መልስ በሰዓት ሠሪ መፍቻ እየፈታሁ ሌንስ ስወለውል እራቴን እረሳለሁ። አሮጌ ካሜራ አለ ከተባለ እስከ መቲ ድረስ እሄዳለሁ። የባሮ እርጥበት እንዳያበላሽብኝ እርጥበት የሚመጥ የተቆላ ሩዝ ካለበት የወተት ጣሳ ውስጥ ከድኜ አስቀምጣቸዋለሁ። "ሩዙን እኛ እንብላው ወይስ ካሜራህ?" እያለች ባለቤቴ ትስቅብኝ ነበር።

ሙቀቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የፊልም ማጠቢያው ውሃ ከሞቀ ከፊልሙ ላይ ሥዕሉ እንደ ወተት ስልባቦት ይላጣል። ውሃውን በእንስራ እያቀዘቀዝኩም አንዳንዱ ይበላሽብኛል። ከሥራ ውጪ ፊልም የሚያሳጥበኝ ደንበኛ ሲቆጣ "ሙቀቱ ነው" ማለት ይበቃል። ማን ይከራከራል? እሱም ቆሞ እያላበው ነው።

ሲስተር አሪየት የጤና ጣቢያ ነርስ ነበረች። ባሏ ኦመድ፣ ኢታንግ ከተማ ያስተምር ነበር። በአንድ ክረምት ወባ መጀመሪያ ትንሹን ልጃቸውን፣ ወር ሳይሞላ አባቱን ወሰደባት። ከለቅሶው በኋላ አንድ ጠዋት በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ቢሮዬ መጣች።

"ጋሽ ተፈራ፣ የኦመድ ካሜራ ነው" አለች፤ እየፈታችው። "አንተ አሮጌ ካሜራ ታውቃለህ ይላሉ..."

የሩሲያ ሥራ ነው፣ ከባድ፣ አንሺው ራሱን የሚያነሳበት፣ ቆይቶ የሚተኩስ ምላስ ሳይቀር ያለው። ዓይኔ ቀላወጠ። ልትሸጥልኝ መሰለኝ። ጨርሳ እስክትነግረኝ እንኳ አልጠበቅኩም፤ ብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋውን የሹተሩን ጨርቅ ልይ ብዬ፣ ወደ መስኮቱ አዙሬ ጀርባውን ብርግድ አደረግኩት። ፊልሙ ተዘርግቶ አፈጠጠብኝ። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካየ ያበቃለታል። መልሼ ጠረቀምኩት።

ፊልም ያለበት ካሜራ፣ የፊልም መጠቅለያ ቁልፉን ስታዞሩት ይከብዳል፤ ባዶው እንዲሁ ይሽከረከራል። መጀመሪያ ቁልፉን አዙር፣ ከዚያ ክፈት። ይህንን ለስንቱ አስተምሬያለሁ! እጄን ይቁረጠው።

እሷ ምንም አልገባትም። "ፎቶው ውስጡ ነው" አለች። "ከልጁ ጋር ሆኖ ራሱ ያነሳው። ሌላ ፎቶ የላቸውም። ፊታቸው እየጠፋብኝ ነው፣ ጋሽ ተፈራ። አውጣልኝ።"

እሺ አልኳት። ምን እላለሁ?

ውሃውን ሁለት ቀን አቀዘቀዝኩ። ፊልሙ ከሞላ ጎደል ጠቁሮ ወጣ፤ የተረፈች አንዲት ፎቶ ብቻ ናት። ወረቀት ላይ አጠብኳት። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ጭኑ ላይ ልጅ። የሸሚዙ ቁልፎች፣ ልጁን የያዙት እጆች፣ የልጁ ባዶ እግሮች ጥርት ብለው ይታያሉ። የሁለቱንም ፊት ግን ብርሃን በልቶታል። ፊልም ላይ የጠቆረው ወረቀት ላይ ነጭ ነው።

በሦስተኛው ቀን መጣች። ልነግራት ቆርጬ ነበር። ፊቷን ሳይ ምላሴ ቀደመኝ።

"ሙቀቱ ነው፣ ሲስተር።"

ነጩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

"የእኔ ቤት ቆርቆሮ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ሌባ እንዳያየው ብዬ ካሜራውን ከላይ ሰቀልኩት፣ ከቆርቆሮው ሥር። ፊታቸውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።"

"ኧረ አይደለም!" አልኩ። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ፤ ዋጥኩት። ፈሪ ነኝ።

ፎቶውን ይዛ ካሜራውን ጠረጴዛዬ ላይ ተወችው። "ቤቴ አይገባም። አንተ ያዘው" አለች።

በኋላ ወደ አቦቦ ጤና ጣቢያ ተዛወረች። ለመስክ ሥራ ሁለት ጊዜ አቦቦ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን ልነግራት ብዬ ጤና ጣቢያው በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ሦስተኛ ስሄድ ገባሁ።

"ሲስተር አሪየት? አረፈች እኮ" አለኝ ዘበኛው። "ከተቀበረች ከርሟል።"

የባሏና የልጇ ፎቶስ ብዬ ጠየቅኩት። አብሯት ተቀብሯል አለኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። መደርደሪያዬ ላይ ሃያ ሁለት ካሜራዎች አሉ፤ ሁሉም ይሠራሉ። እንግዳ ሲመጣ አንድ በአንድ አስነካዋለሁ። የኦመድ ግን ከጣሳው አይወጣም።

ጀርባውን ከመክፈታችሁ በፊት ቁልፉን አዙሩ። ሳታዞሩ ከከፈታችሁ ደግሞ፣ ባለቤቱ ፊታችሁ ቆሞ ሳለ፣ እኔ ነኝ በሉ።