የናፍጣ ታንኩ ክዳን

ሚያዝያ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. ወንድሜ ኡበይደላ ከመንገድ ተመልሶ በሥራ ደብተሩ ላይ «ክዳኑን ሁልጊዜ ቀድሜ የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ» ብሎ ጀመረና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። ሙያዬ መዝገብ መጠበቅ ነውና የቀረውን ሾፌሩን ወዬሳን ጠይቄ ጻፍኩት።

ኡበይደላ አዳማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ጠግኗል። መኪና ቆመ ተብሎ ሲጠራ ከሁሉ በፊት የታንኩን ክዳን ከፍቶ ናፍጣውን በእንጨት ይለካል።

«ኦቦ ኡበይደላ፣ ሞልቷል እያልኩዎት?» ይሉታል ሾፌሮቹ።

«ሾፌር ሲምልልኝ ነው እንጨቴን የማነሳው።»

የወዬሳ አሮጌ መኪና ከቡልቡላ ቲማቲም ጭኖ ሲመጣ መቂ አካባቢ ሞተሩ ይጠፋል። ኡበይደላ ሁለቴ ፊልትሮ ቀየረ፤ ቱቦዎቹን ነፋ፤ ፖምፓውን ፈቶ ገጠመ። በቆመበት ደርሶ ክዳኑን ከፍቶ ሲለካ ግን ሞተሩ ይነሳል። ሁለት ጭነት ከተበላሸበት በኋላ ወዬሳ፣ «እስከ ቅዳሜ ካልዳነ ለብረት እሸጠዋለሁ» አለ። ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም።

ቅዳሜ አለፈ። ሰኞ፣ ሚያዝያ 14፣ ኡበይደላ አብሮት ተሳፈረ። ልቡን ያመው ነበር። መቂ ሳይደርሱ ሞተሩ ሲጠፋ ደረቱን ወጋውና ከጋቢና መውረድ አቃተው። ታንኩን የነካ ሰው አልነበረም፤ መኪናው አንድ ሰዓት ሙሉ እምቢ አለ።

«እኔ ልክፈተው?» አለ ወዬሳ።

«ቀስ ብለህ። ጆሮህን አስጠጋ።»

ክዳኑ ሲላላ ታንኩ እያፏጨ አየር ሳበ። ሞተሩ ተነሳ።

«የኔው ላስቲክ ነው» አለ ኡበይደላ።

ጥር ላይ ናፍጣ እንዳይፈስ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ክዳኑ ውስጥ የገጠመው እሱ ነበር። ላስቲኩ የክዳኑን መተንፈሻ ደፍኖታል። ናፍጣው ሲጎድል በምትኩ አየር ስለማይገባ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። እሱ ደግሞ ለመለካት በከፈተ ቁጥር አየር እያስገባ ሲፈልገው የነበረውን ብልሽት ራሱ ሲያጠፋው ኖሯል።

«ኦቦ፣ ትናንት የሽያጩን ውል ተፈራርሜያለሁ» አለ ወዬሳ። «ይህን ጭነት ላድርስ ብዬ ነው የወጣሁት።»

ኡበይደላ አዳማ እንደደረሰ የሥራ ደብተሩን አወጣ።

መኪናው ረቡዕ ዱከም ተወስዶ ተቆራረጠ። ወንድሜም የሞተው ረቡዕ ነው፣ ከቀትር በፊት።

ማክሰኞ ጠዋት ግን በእግሩ ወደ ጠሃ የመለዋወጫ ሱቅ ሄዶ ነበር። ክዳን መረጠ፤ በቀዳዳው እፍ ብሎ አየር ማሳለፉን አረጋገጠ። ከዚያ መኪናው ገዢዎቹን ወደሚጠብቅበት ግቢ ሄዶ ክዳኑን ገጠመው፣ አጥብቆም አሰረው። አሮጌውን ክዳን ከነላስቲኩ ኪሱ ከቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።