በጠመኔ የተሠራው ኮንዶሚኒየም

ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። በርና መስኮት የሚሠራ አናጢ ነው፤ ለአንዲት ማጠፊያ ሦስት ጊዜ ሜትር ይዘረጋል። ይህ ሰው ግን ሰሞኑን ልኩ ጠፍቶበታል።

ሚስቱ ነርስ ናት፤ ሌሊት ትሠራለች፣ ጠዋት ትተኛለች። የተከራዩት ቤት ግቢው ሰፊ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። እሱ ግቢ ውስጥ ሲልግ ሰጋቱራው ትራሷ ድረስ ይገባል። አንድ ጡረተኛ መምህር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየማቸውን ሊሸጡ ነው ሲባል ሄደው አዩት። ብርሃኑ ደስ ይላል፣ ጸጥታው እንቅልፍ ይጠራል። እሷ ወደደችው። እሱ ይውደደው አይውደደው ለራሱም አልገባውም።

«እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ቁርጡን ንገረኝ ልጄ፤ ሌላም ፈላጊ አለ» አሉት መምህሩ።

ሚሊሜትር የሥራ ነገር ግራ ሲገባው መሬት ላይ በሙሉ ልኩ ስሎ ያየዋል። ረቡዕ ማለዳም ጠመኔና ክር ይዞ የግቢው ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከ። ሚስቱ ከሥራ ስትመለስ መኝታ ቤቱ፣ ኩሽናው፣ በረንዳው ሁሉ ተሰምሮ ጠበቃት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ቤትሽ ነዋ! ሦስት ቀን እንዋልበትና ይለይልን። ኧረ በበሩ ግቢ! ግድግዳውን ጣስሽው እኮ!»

«ውይ፣ በሞትኩት!» ወደ ኋላ ተመልሳ የሌለውን በር አንኳኳች። «ቤቶች!»

«ማነው?»

«አከራይ!»

ከዚያ በኋላ ወንበሯን ጎትታ ሻይዋን የጠመኔው ሳሎን ውስጥ መጠጣት ጀመረች። እሱም ዕቃውን አንድ በአንድ እየለካ አሰመረ። አልጋው ገባ፤ ቁም ሣጥኑ ገባ፤ ፍሪጁ በሩ ተከፍቶ እንኳ አራት ሳንቲ ሜትር ተረፈ። መጥረጊያዋ ሳትቀር ማዕዘን ተሰጣት።

«እና እንዴት ነው?» ትለዋለች ማታ ማታ፣ ለሥራ ስትወጣ።

«ልክ ነው።»

«ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?»

«እንጃ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሻይዋን ይዛ ተቀመጠችና መሬቱን አስተዋለች። ዕቃው ተሰምሮ ካለቀ ወዲህ ሲሚንቶው ሰጋቱራ ለብሷል፤ የእግር ዱካ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ። ይሄ ዱካ የማነው?»

«የነጠላ ጫማሽ።»

«ኩሽናው ውስጥ ያለውስ?»

«እሱም ያንቺው ነው።»

«ያንተስ የታለ?»

የእሱ ትልቅ ጫማ ከሥራ ጠረጴዛው ወደ እንጨት ክምሩ፣ ከክምሩ ወደ ግቢው በር ተመላልሷል። መስመሩ ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል።

«ጠረጴዛህንስ የት ነው ያስገባኸው?» አለችው ቀስ ብላ።

ክው አለ። ሁለት ሜትር ከአርባ በሰማንያ። መጥረጊያ የለካ ሰው፣ ቀን ሙሉ የሚቆምበትን ጠረጴዛ ረስቶታል! ሜትሩን አንስቶ ተሯሯጠ፤ በረንዳው እምቢ አለ፣ ሳሎኑም እምቢ አለ።

«ተወው፣ መሥሪያ ቦታ ሌላ ጋ ትከራያለህ።»

«እከራያለሁ» አለ። ሜትሩን እየጠቀለለ፣ «ጠዋት ስትመጪ ማን ይከፍትልሻል?»

«ቁልፍ ይኖረኛላ።»

«አዎ። ይኖርሻል።»

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመላጊያውን ድምፅ ከመንገዱ መታጠፊያ እየሰማች ነው የመጣችው፤ እሱም እጁን አራግፎ መቀርቀሪያውን ሲያነሳላት ኖሯል።

«ይሄ ድምፅህ እኮ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ዝም ስትል ደግሞ ምን ሆነ ብዬ ብንን እላለሁ። ወይ ጣጣ፣ እኔንም ግራ አጋባኸኝ!»

«ልደውልላቸው?»

«ምን ብለህ?»

«አልሆነንም ብዬ።»

የጠመኔውን መስኮት ስታይ ቆየችና፣ «ደውል» አለችው።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደወለ። «ጋሼ፣ ቤቱ አልሆነንም።»

«ስንት ጎደለው?»

«በሜትር እንኳ ምንም አልጎደለውም።»

«ታዲያ ምን ሆነና ነው?»

ሚስቱን አያት። ትከሻዋን ሰበቀች። «እሱን ገና እያየነው ነው፣ ጋሼ።»

ልትተኛ ተነሳች። ከሳሎኑ ስትወጣ ግን በጠመኔው በር ዞራ ነው የወጣችው። እሱ መላጊያውን አነሳ፤ ትተኛ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችው ከውስጥ።