አንደኛ የወጣው ገልባጭ

መኪና መንዳት አልችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ስለ መኪና የማወራውን ስታነቡ አዋቂ እንዳልመስላችሁ ነው። በተበተነው ጦር ውስጥ የጋራዥ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። የትኛው መኪና ባሌስትራው እንደተሰበረ፣ የትኛው ፍሪሲዮን እንደጨረሰ እጽፋለሁ፤ አዛዡ ይፈርማል፤ መኪናው እዚያው እንደቆመ ይቀራል። በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ስቀመጥ አንድም መኪና ተጠግኖ ሲወጣ አላየሁም። ስለ መኪና የማላውቀው ነገር ያለ ግን አይመስለኝም ነበር።

ደርግ ወድቆ ሁሉም በየፊናው ሲበተን እግሬ ሀርጌሳ አደረሰኝ። የሀርጌሳ ሰው ቦምብ ሸሽቶ ወደ እኛ አገር በመጣበት መንገድ እኔ ወደ እሱ አገር ሄድኩ። ከፈረሰ ጦር ወጥቶ የፈረሰ ከተማ መግባት የእኔ ቢጤ ሰው ብቻ የሚያውቀው ብልሃት ነው። ቤቶቹ ጣራ አልነበራቸውም፤ ጣራ የሌለው ቤት ደግሞ ለቀን ሠራተኛ እንጀራ ነው። ከስደት የተመለሰው ሁሉ ይገነባል። ፍርስራሽ ይወጣል፣ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ይመጣል፣ ከኮረብታው ድንጋይ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚያመላልሰው ገልባጭ መኪና ነበር። ገልባጭ ያለው ሰው ሲያልፍ እኛ ድንጋይ ተሸካሚዎቹ አቧራውን ቅመን እጅ እንነሳለን።

ኮድቡር በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ አብሬያቸው የምኖረው ሰው የጦሩ አሥር አለቃ ነበሩ። ጦሩ ፈርሶም ማዕረጋቸው አልፈረሰም፤ እኔም «አሥር አለቃ» ከማለት በቀር ሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። ሃያ ዓመት የመንግሥት ጭነት መኪና ነድተው አንድ ጎማ እንኳ የእኔ ያሉት አልነበራቸውም። ምኞታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱም ሾፌሩም ራሳቸው የሆኑበት አንድ ገልባጭ። ለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ፈለጡ። ድሬዳዋ ያሉት ባለቤታቸውም የአንገት ወርቃቸውን ሸጠው ላኩላቸው።

«ሌላ ወርቅ የላትም» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔም ሌላ ጉልበት የለኝም። አንዴ ከተሳሳትኩ አበቃ። አንተ ጸሐፊ ነህ፤ የከተማውን ገልባጭ ሁሉ እያየህ ጻፍልኝ።»

ከዚህ በላይ ምን ሹመት አለ? ደብተር ገዛሁና ገልባጮቹ ከወንዙ አሸዋ ጭነው በሚወጡበት ዳገት አፍ ላይ በየማለዳው መቀመጥ ጀመርኩ። ዳገት ውሸት አያውቅም። ጭሱ ጥቁር ከሆነ ናፍታውን አያቃጥልም፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይጠጣል፤ ነጭ ከሆነ ለባለቤቱ እግዜር ይርዳው። ዘወትር ቁልቁለት ላይ የሚያቆም ሾፌር ባትሪ የለውም። ሞተሩን ሳያጠፋ ምሳውን የሚበላ ሾፌር ቁልቁለትም አላገኘም ማለት ነው። የጭነት ሳጥኑን፣ ካሶኒውን፣ ሽቅብ አንስቶ መቶ እስክቆጥር ድረስ ካልወረደ ጃኩ ጤነኛ ነው እላለሁ። ወረቀት ለመቆጠብ «መኪና» የሚለውን ቃል ትቼ «ገልባጭ» ብቻ እጽፋለሁ። ሞተሩን «ልብ» እለዋለሁ፤ ይህ ደግሞ ቁጠባ ሳይሆን ቅኔ መሆኑ ነበር።

ሻጮቹን ማነጋገርም የእኔ ድርሻ ሆነ። ሁሉም የሚሸጡት ስለታመሙ ነበር። አንዱ ኩላሊቱን፣ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ሐኪም ያጣለትን በሽታ። በዚያ ዓመት ሀርጌሳ ውስጥ ጤነኛ ሻጭና የታመመ መኪና አልነበረም። ጣሊያን ሠራሹን የያዘ ጃፓኑን ያማል፤ ጃፓኑን የያዘ ጀርመኑን ያማል፤ ሦስቱም በጃቸው ያለውን ቢሸጡ ምን እንደሚገዙ ስትጠይቃቸው የታሙትን ይነግሩሃል።

አሥራ ዘጠኝ ገልባጮች መዝግቤ እንደ ተማሪ ደረጃ ሰጠኋቸው። አንደኛ አንድ ቀይ ሆነ። ልቡ የማይደክም፣ ካምቢዮው የማይንኳኳ፣ ካሶኒውን አንስቶ መቶ አይደለም ሁለት መቶ ብቆጥር የማይሰለች። አሥራ ዘጠነኛ አንድ አረንጓዴ ወጣ። አንድ መብራት ብቻ አለው፤ በሩ በሽቦ ታስሯል፤ ካሶኒው እኩሌታው ላይ ሲደርስ ይቆምና ሁለት ሰው በእርግጫ ካልመታው አይነሳም። አሥር አለቃ ሁለቱን ዞረው ዞረው አዩ፣ ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ጣሉ፣ ከዚያ አረንጓዴው ዘንድ ተመልሰው ቆሙ።

«ይህን ማን ይፈልገዋል?» አሉ። እያሞገሱት መሆኑ አልገባኝም።

«ማንም!» አልኩ። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል ሲባል አልሰሙም?»

«አንተ፣ አገሩ እየሸተተኝ ነው» አሉኝ። እውነትም በየማዕዘኑ ጠመንጃ የያዘ መታየት ጀምሮ ነበር። «በጦርነት ጊዜ ቆንጆ መኪና የባለቤቱ አይደለም። እኔ ራሴ ስንቱን ከሰው እጅ ተረክቤ ነድቻለሁ። ስንቱ ነጋዴ ከኋላዬ ቆሞ ሲያለቅስ በመስታወት አይቻለሁ።»

ሳቅኩባቸው። ፈሪ አልኳቸው፤ በአክብሮት ነው፣ ግን አልኳቸው። የሃያ ዓመት ሾፌር በማይነዳ ሰው ደብተር ፊት ተሸነፈና ቀዩን ገዛ።

እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ጠዋት ጠዋት በጣሳ ውሃ ያጥቡታል። አሸዋ ጭነው ዳገቱን ሲወጡ እኔ ከተቀመጥኩበት ሲደርሱ ሁለቴ ጥሩንባ ይነፋሉ። እኔም መኪናው ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ደብተሬን አልዘጋሁም። ለምን እዘጋለሁ? ባለመኪናው ሁሉ «እኔ ስንተኛ ነኝ?» እያለ ሻይ ይጋብዘኛል። የከተማው ፈታኝ ሆኜ ነበር።

በስምንተኛው ቀን በአየር ማረፊያው በኩል ተኩስ ተከፈተ። ብልህ ሰው ቤቱ ገባ። እኔ ደብተሬን ይዤ ወደዚያው አቅጣጫ ወጣሁ፤ ብዙ ገልባጭ ወደዚያ ሲያልፍ አይቼ ነበርና አዲስ እንዳያመልጠኝ።

መንገዱ ላይ ገመድ ወጥረው የቆሙ ታጣቂዎች ያዙኝ። የማን ወገን እንደሆኑ ያኔም አልጠየቅኩም፣ ዛሬም አልፈልግም። ደብተሩን ገልጠው ፊደሉን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። አማርኛ የሚያነብ ጓደኛቸውን ጠሩ። ልጅነቱን ድሬዳዋ ያሳለፈ ነው፤ አማርኛን የተማረው አብዛኛውን ከሬዲዮ ነበር። በሬዲዮ ደግሞ ገልባጭ የሚባለው መኪና አይደለም፤ የመንግሥት ጠላት ነው።

ጮክ ብሎ አነበበ፤ «ሦስት ገልባጮች በማለዳ በወንዙ በኩል ገቡ። ሁለቱ ደካሞች ናቸው። ቀዩ ግን ልቡ ጠንካራ ነው፤ ከተነሳ አይወርድም።» አንብቦም ወደ እኔ ዞረ። በድሬዳዋ ወግ ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚለው። «አንተ፣ ስንት ገልባጭ ነው ያለው?»

«አሥራ ዘጠኝ» አልኩ በኩራት።

«ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?»

«ቀዩ ነዋ!»

«ወላሂ፣ ያምናል!» አለና ለአለቃቸው ተረጎመ። «የት ነው የሚሰበሰቡት?»

«ወንዙ ዳር። አሸዋ እስኪጫንላቸው ተራ ይጠብቃሉ።»

እዚህ ላይ ትርጉሙ ተሰናከለ። አሸዋ የሚጫንበት መፈንቅለ መንግሥት በሬዲዮ ሰምቶ አያውቅም። ደግነቱ በዚያው ቅጽበት አንድ ገልባጭ እየተንኳኳ ሲያልፍ በጣቴ አሳየሁ፤ «ይኸውና አንዱ! አሥራ አንደኛ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ያንሸራትታል።» ዞረው መኪናውን አዩ። ከዚያ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አለቃው አንድ ክንፉ የተሰበረ መነጽር ያደረገ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ እሱም ሳቀና ሻይ አስመጣልኝ። በእውነት ሳታየው በድምፁ ታውቃለህ ወይ ብሎ በአስተርጓሚው አስጠየቀኝ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን ነቀዝኩ። የጭሱን ቀለም፣ የቁልቁለቱን ምስጢር፣ የካሶኒውን ቆጠራ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ በተራ ጠራሁ፤ የቱ ዳገት እንደሚችል፣ የቱ እንደማይችል፣ የቱ የማን ደጅ እንደሚቆም። አለቃው ራሱን እየነቀነቀ ሲያዳምጠኝ፣ ስድስት ዓመት ስጽፍ ያነበበልኝ የመጀመሪያው አዛዥ ይህ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አፌ እንዲህ ነው። ስነሳ ደብተሩን አልመለሰልኝም፤ «ይጠቅመናል» አለ። እንደ ምስጋና ቆጠርኩት።

ቤት ስደርስ አሥር አለቃ ከሥራ ገብተው ቀዩን ደጅ ላይ እየወለወሉ አገኘኋቸው። የገልባጮቹን ታሪክ ስነግራቸው ጎማው ላይ ተደግፈው ሳቁ። እንባቸውን ጠረጉና «ደብተሩስ?» አሉኝ።

«ወሰዱት። በጣም ወደዱት።»

ሳቃቸው ቆመ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር መዶሻ አወጡና የቀዩን የፊት መብራት መቱት። መስታወቱ ረገፈ። ከዚያ ወደ በሩ ሄደው መክፈቻውን ይነቅሉ ጀመር።

«አሥር አለቃ! ምን ነካዎት?»

«ሽቦ ፈልግ» አሉኝ። «አረንጓዴውን እያደረግሁት ነው።»

ሽቦ ፈልጌ አምጥቼ በሩን አብረን አሰርን። ጭቃም ቀባነው። በስምንት ቀን ያጸዱትን መኪና በአንድ ሰዓት ልናስቀይመው ስንታገል የሚያይ ሰው ቢኖር ያበድን ይመስለው ነበር። ግን ጠንካራ ልብ በጭቃ አይሸፈንም፤ ሰዎቹም ሳንጨርስ ደረሱ። አለቃው ደብተሬን በብብቱ ይዟል፤ አስተርጓሚው ከጎኑ ነው። የተሰበረውን መብራት፣ ሽቦውን፣ ጭቃውን አየና ፈገግ አለ።

«አለቃው ደብተሩ ስለ መብራት የሚለው ነገር የለም ይላል» ብሎ ተረጎመልን ድሬዳዋዊው። ለአሥር አለቃ እጁን ዘረጋ። «አንተ፣ ቁልፉን ስጠኝ።»

«እርስዎ በል» አሉት አሥር አለቃ። ጠመንጃው አላስከፋቸውም፤ አንተ መባላቸው ግን አቃጠላቸው። ቁልፉንም አልሰጡትም። «ካምቢዮዬን ይጨርሱብኛል፤ ራሴ እነዳለሁ» አሉና ሽቦውን ፈትተው ገቡ። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየሁ። በመስታወቱ እንደሚያዩኝ አውቄ ነበር፤ ፊቴን የት እንደማደርገው ግን አላወቅኩም።

በዚያው ቀን ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ የወጡት ሁሉ ተወሰዱ። ሻይ የጋበዙኝ ባለመኪናዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን አይመልሱም። ሰባተኛው ብቻ አቅፎ ሳመኝ። አረንጓዴው፣ አሥራ ዘጠነኛው፣ የሚነካው ጠፍቶ የኮድቡርን ሰው ከነፍራሹ እየጫነ ከተኩሱ ሲያወጣ ሰነበተ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ውጣ ብሎኝ ነበር። እሳቸው ሳይመለሱ የት እሄዳለሁ? አፈርኩ፤ አፍሬም ቀረሁ።

ሁለት ወር አልፎ አንድ ቀትር ላይ በእግራቸው መጡ። ከስተዋል፤ አንዱ ጫማቸው በሽቦ ታስሯል። ውሃ አቀረብኩላቸው፣ እግራቸውን ታጠቡ። ሁለት ወር ሙሉ ያዘጋጀሁት የይቅርታ ንግግር ነበረኝ፤ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ቀዩ ፈንጂ ላይ ወጣ» አሉ። «እኔ ውሃ ልሽና ወርጄ፣ ከእነሱ አንዱ ሊያዞረው ገብቶ።»

አረንጓዴው ዳገቱን ሲወጣ ከሩቅ ይሰማል። ሁለታችንም ድምፁን አወቅነው።

«ወረቀት አለህ?» አሉኝ በመጨረሻ። ማንበብም መጻፍም አይሆንላቸውም፤ የሚያውቁት ስማቸውን መፈረም ብቻ ነው። ለባለቤታቸው የሚልኩትን ደብዳቤ ድሮም የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። «ስለ ወርቁ ትጨነቃለች። ጋራዥ ነው በልልኝ። አንተ መቼም ይህን ታውቅበታለህ።»

አውቅበት ነበር። «ባሌስትራው ተሰብሮ ጋራዥ ገብቷል፤ እየተጠገነ ነው» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን አቀረብኩላቸው። ፈረሙ።