ልኩ ሆኖ ያልሠራው ካርድ

አዳነ መርሳ ከተማ ውስጥ የመስኖ ፓምፕ መጠገን ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ዕቃ ሲገዛ አንድ ደንብ አለው፤ የተበላሸውን ለናሙና ሳይልክ አዲስ አያስመጣም። ወደ ወልድያ የሚመላለሱት የሚኒባስ ሾፌሮች ይህን ስለሚያውቁ በጨርቅ የተጠቀለለ ኩሽኔታ ሲሰጣቸው ምንነቱን አይጠይቁም።

ማክሰኞ ዕለት ለሾፌሩ ለረዲ የሰጠው ግን ከአሮጌ ላፕቶፑ የነቀላትን የተበላሸች የዋይፋይ ካርድ ነበር። ስፋቷ ከክብሪት ሳጥን ያንሳል።

"ይቺ ደግሞ የየትኛው ፓምፕ ናት?" አለ ረዲ።

"ውኃ የማይስበው።"

አዳነ ቅዳሜ ጠዋት በኢንተርኔት የሚሰጥ ፈተና አለበት። ካለፈ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ፓምፖችን ለመጠገን የምስክር ወረቀት ያገኛል። ፈተናው በስልክ አይከፈትም፤ ላፕቶፑ ደግሞ ከስልኩ ኢንተርኔት የሚቀበለው በዚህች ካርድ ነው። ፈተናው ከቀረበት እስከ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።

በማግሥቱ የመጣችው ካርድ በስፋትም በብሎን ቀዳዳም ከአሮጌዋ ጋር አንድ ነበረች። ገጠማት። ላፕቶፑ ሲበራ ግን ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽፎ ቆመ፤ ካርዱ አልተፈቀደም። አዳነ ነቅሎ እንደገና ገጠማት። ያው ነው። አልተናደደም፤ ገረመው። ልኩ የሆነ ዕቃ ይገጥማል፣ የገጠመ ይሠራል ብሎ ነው የኖረው።

ካርዷን ወደላከለት የኮምፒውተር ዕቃ ሻጭ፣ ወደ ቢኒያም ደወለ።

"ጋሽ አዳነ፣ አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፕ ፋብሪካው የመዘገበለትን ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው።"

"ስሙን ጠይቆ ነው የሚያስገባው?"

"እንደ ሰርግ ቤት በሉት። በዩኤስቢ የሚሰካውን ግን አይጠይቅም።"

"እንግዲያው ናሙናው ካርዷ አልነበረችም፤ ላፕቶፑ ነው" አለ አዳነ። ዓርብ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልሎ ወልድያ ሄደ።

ቢኒያም በዩኤስቢ የሚሰኩ ሁለት የዋይፋይ መቀበያዎች አወጣ። አንዱ ጥፍር ያክላል፤ ሌላው አንቴና አለው።

"ትንሹን ይውሰዱ፤ ተሰክቶ ይረሳል።"

አዳነ ርቀቱን አሰላ። መርሳ ባለው መጠገኛ ቤቱ ስልኩ ኔትወርክ የሚይዘው የግቢው በር ላይ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ከዚያ አሥራ ስምንት እርምጃ ርቆ፣ ከብረት መደርደሪያ ኋላ ነው። ስልኩን ቢኒያም እጅ ላይ ትቶ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ እየቆጠረ ከሱቁ ወጣ፤ በአሥራ ስምንተኛው እርምጃ ከአንድ የብረት በር ኋላ ቆመ። በየተራ ሲሰካቸው ትንሹ ተቋረጠ። ባለ አንቴናው ያዘ።

"ጠረጴዛውን በር ላይ ቢያወጡትስ?" አለ ቢኒያም፣ አዳነ ሲመለስ።

"ደንበኛው ሁሉ አብሮኝ ሊፈተን?"

ቅዳሜ ጠዋት ስልኩን በሩ ላይ ሰቅሎ፣ ባለ አንቴናውን ሰክቶ ተቀመጠ። የፈተናው ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ የጠየቀው ሙሉ ስም ነበር። አዳነ በሁለት ጣቱ ጽፎ፣ እጁን ከላፕቶፑ ላይ አንሥቶ ጠበቀ።

ተቀበለው።